ባትሪ ጋራንቲ የለውም ያለው ማን ነው?

ላፕቶፕ መሸጫ ገብቶ ስለ ጋራንቲ የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ የትም አንድ ነው። አዲስ ከሆነ ዓመት፣ ያገለገለ ከሆነ አንድ ወር፣ ሻጩ ደግ ከሆነ ሦስት ወር፤ ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ «ባትሪና ቻርጀር ግን አይጨምርም» ይላል። ይህን ሲል ሻጩ አያፍርም፤ ገዢውም አይከራከርም። ስለ ራምና ስለ ኤስኤስዲ ግማሽ ሰዓት የተጨቃጨቀ፣ ጥቂት ብር ለማስቀነስ እስከ በሩ ወጥቶ የተመለሰ ሰው፣ ባትሪው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ባትሪ አላቂ ነው፤ የሚያልቅ ነገር ደግሞ ዋስ የለውም፤ አለቀ።

ነገሩ የሱቅ ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ነጋዴው በአፉ የሚናገረውን ትልልቆቹ አምራቾች በጠበቃ ቋንቋ ጽፈውታል። አፕል በአንድ ዓመት የዋስትና ሰነዱ ባትሪን ከአላቂ ክፍሎች ይመድበዋል፤ ብልሽቱ ከጥሬ ዕቃ ወይም ከአሠራር ጉድለት ካልመጣ በቀር አያገባኝም ይላል። ዴል ላፕቶፑን በሦስት ዓመት ዋስትና ሲሸጥ እንኳ ባትሪው በመደበኛው ውል የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ሌኖቮም በአብዛኛው እንዲሁ። የመሥሪያ ቤት አይቲ ባለሙያዎች፣ ስለ ቴክኖሎጂ የሚጽፉ ሰዎች፣ ጠጋኞች ሳይቀሩ ይህንኑ እየደጋገሙ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገውታል። ባትሪ ማርጀቱ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው፣ ኬሚስትሪን ደግሞ ማን ይከሳል?

እኔ በዚህ አልስማማም። ማርጀቱ የተፈጥሮ ነው፤ በስንት ጊዜ እንደሚያረጅ የሚወስነው ግን በአብዛኛው ባትሪውን መርጦ፣ አስተካክሎ፣ ላፕቶፑ ውስጥ የከተተው ፋብሪካ ነው። የወሰነ አካል ለውሳኔው ዋስ ይሁን። ክርክሬ ይኸው ነው።

ባትሪው ውስጥ ምን እንደሚሆን ምስጢር የለውም። ሶኒ የመጀመሪያውን ሊቲየም አየን ባትሪ ለገበያ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ጉዲናፍ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አየኖች ከአንዱ ወገን ተነሥተው በሌላው ወገን ባለው የግራፋይት ንብርብር ውስጥ ይገባሉ፤ ስንጠቀም ተመልሰው ይወጣሉ። ግራፋይቱ አየኖቹ ከሚጓዙበት ፈሳሽ፣ ከኤሌክትሮላይቱ፣ ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ የግድ ያስፈልጋል፤ እሱ ባይኖር ባትሪው ቶሎ ይበላሽ ነበር። ችግሩ ማደጉን አለማቆሙ ነው። ባደገ ቁጥር ሊቲየም ይበላል፣ የተበላው ሊቲየምም ወደ ሥራ አይመለስም። «ቻርጅ አይዝም» የምንለው ነገር ዋና ምንጩ ይህ ነው። የሽፋኑን ዕድገት የሚያፋጥኑት ደግሞ በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀት፣ እና ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየቱ።

እዚህ ላይ ነው ተፈጥሮ አብቅቶ የነጋዴ ውሳኔ የሚጀምረው። የካናዳው ካዴክስ ኩባንያ መሥራች ኢሲዶር ቡክማን ባዘጋጁትና ባለሙያዎች በሰፊው በሚጠቅሱት ሠንጠረዥ መሠረት፣ እያንዳንዱ ሴል እስከ 4.2 ቮልት እየተሞላ የሚሠራ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ዑደት፣ ማለትም ያን ያህል ጊዜ ሞልቶ እስኪያልቅ፣ ያገለግላል። በ4.1 ቮልት ቢገታ ከ600 እስከ 1,000፣ በ4.0 ቮልት ቢገታ ደግሞ ከ1,200 እስከ 2,000 ዑደት ይደርሳል። ሴሉ ያው ነው፣ ኬሚስትሪውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቻርጁ የሚቆምበት ቁጥር ብቻ ነው። ዋጋው በየአንድ ዐሥረኛ ቮልቱ ከአቅሙ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ መተው ነው። ታዲያ አምራቹ ለምን አይተወውም? በካርቶኑ ላይ «እስከ 12 ሰዓት» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ስለሚያንስበት ነው። ገዢው በሱቁ ውስጥ የሚያየው የመጀመሪያውን ቀን ሰዓት ነው፤ የሁለተኛውን ዓመት ሰዓት የሚጽፍ ካርቶን አላየሁም። ስለዚህ ከባትሪው ዕድሜ ተቀንሶ ለማስታወቂያው ተከፈለ፤ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ «ተፈጥሮ ነው» ተባለ።

አምራቾቹ ይህን እንደሚያውቁ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሌኖቮ ባትሪው በግማሹ አካባቢ ወይም 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለው። ኤችፒ ባዮስ ውስጥ አለው፤ ዴልና አሱስም አላቸው። ይህ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይመጣል፤ ለማብራት ምናሌ ውስጥ ምናሌ መክፈት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን የገዛው የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባዮስ የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ይወቅ? አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 በማክቡኮቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያስገባ ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ ማድረጉን ሳልጠቅስ አላልፍም። ይኸው አፕል በ2009 የ17 ኢንቹን ማክቡክ ፕሮ ሲያወጣ ባትሪው 1,000 ዑደት እንደሚሄድ ተናግሯል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ማክቡኮቹ በ300 ዑደት የሚለኩ ነበሩ። አንዱ ፋብሪካ የባትሪውን ዕድሜ ከሦስት እጥፍ በላይ ማሳደግ ከቻለ፣ «ከእጃችን ውጭ ነው» የሚለው ነገር የት ይገባል?

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ያለው መኪና ውስጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በመኪናው ወለል ስር የተነጠፈው ባትሪና ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ባትሪ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሊቲየም አየን፣ በሁለቱም ውስጥ ያ ስስ ሽፋን ያድጋል፣ ሁለቱም ያረጃሉ። የመኪናው ባትሪ ግን ዋስትና አለው፤ ዋስትናውም በቁጥር የተጻፈ ነው። ቴስላ ሞዴል 3 በ8 ዓመት ውስጥ የባትሪው አቅም ከ70 በመቶ በታች ቢወርድ ኩባንያው ኃላፊነት ይወስዳል፤ የኪሎ ሜትር ገደብ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር የወጣው የመኪና ባትሪ ደንብ ደግሞ በ5 ዓመት ወይም በ100,000 ኪሎ ሜትር 80 በመቶ፣ በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር 70 በመቶ እንዲቀር ይጠይቃል። «አቅም መቀነሱ ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ማንንም ከኃላፊነት አላዳነም።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም፤ ታሪኩ በደንብ መነገር አለበት። ኒሳን ሊፍ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ የዋስትና ሰነዱ ቀስ በቀስ የሚመጣ የአቅም መቀነስን አይሸፍንም ነበር፤ ዛሬ የላፕቶፕ ሻጮች የሚሉትን ቃል በቃል ማለት ይቻላል። በ2012 በጋ ፊኒክስ፣ አሪዞና ያሉ ባለመኪኖች ጩኸት አሰሙ። የሊፍ ባትሪ ያኔ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ የአሪዞና ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት የአቅም መስመሮች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ የምናውቀው ነው፦ የተለመደ ነው፣ ሙቀት ነው፣ አነዳድ ነው። ባለመኪኖቹ ግን ቁጥሩን ይዘው ተሰባሰቡ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ 2012፣ ኒሳን በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ ከ9 መስመር በታች የወረደን ባትሪ እንደሚጠግን ወይም እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ቀደም ሲል የተሸጡትንም ጨመረ። ኋላም ሙቀትን የተሻለ የሚችል፣ «እንሽላሊቱ» የሚል ቅጽል የወጣለት ባትሪ ይዞ መጣ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ ኃላፊነቱ ቀደመ፣ የተሻለው ኬሚስትሪ ተከተለ።

«መኪና ውድ ነው፣ ላፕቶፕ ርካሽ ነው፤ አይወዳደሩም» የሚል ይኖራል። ለማን ርካሽ? ከደመወዙ ቆጥቦ ለልጁ ላፕቶፕ የገዛ አባት ርካሽ ነው አይልም። ለመኪና ባትሪ ማቀዝቀዣና ሰፊ መጠባበቂያ ይደረግለታል የሚለው መልስ ደግሞ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም፤ አምራቹ ማቀዝቀዣውን የጨመረው ባትሪው ቶሎ ቢሞት ከኪሱ እንደሚወጣ ስላወቀ ነው። የላፕቶፑ አምራች ምን አስፈርቶት ይጨምር?

አሁን ወደ ተወዳጁ መከላከያ እንሂድ፦ «ወንድሜ፣ ባትሪ እኮ እንደ አጠቃቀምህ ነው»።

ይህች አባባል ከግማሽ እውነት የተሠራች ስለሆነች ለመርታት ታስቸግራለች። አዎ፣ ላፕቶፕን ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ትቶ የሚሄድ ሰው ባትሪውን ይጎዳል። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ ፊልም የሚያይም እንዲሁ። ግን «አጠቃቀም» ተብሎ የሚሰበከው ምክር አብዛኛው የሌላ ባትሪ ምክር ነው። «አዲስ ስትገዛ ስምንት ሰዓት ቻርጅ አድርገው»፣ «ሁልጊዜ እስኪጠፋ ተጠቀምበት» የሚባለው ከኒኬል ካድሚየም ዘመን የተረፈ ነው፤ ሊቲየም አየንን ሁልጊዜ እስከ ዜሮ ማውረድ ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ያንን ምክር በቅንነት የፈጸመው ገዢ ባትሪውን ሲያበላሽ፣ ምክሩን የሰጠው ሻጭ ያው «አጠቃቀምህ ነው» ይለዋል። «ሁልጊዜ ሰክተህ ስለምትሠራ ነው» የሚለውም ክስ የሚያሳዝን ነው። መብራት በማንኛውም ደቂቃ ሊጠፋ በሚችልበት ከተማ ሰው ላፕቶፑን ሰክቶ ሙሉ አድርጎ ቢያቆየው ምን ይፈረድበታል? ለመብራት መጥፋት አይደል እንዴ ባትሪ ያለው ማሽን የገዛው? ተሰክቶ ሲውል 80 በመቶ ላይ ቁም የሚል ትእዛዝ መጻፍ ለፋብሪካው የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ደግሞም ማን እንዴት እንደተጠቀመ መገመት አያስፈልግም። ባትሪው ራሱ ይመዘግባል። ከሴሎቹ ጋር የተያያዘችው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ የዑደት ብዛት ትቆጥራለች፣ የመጨረሻ ሙሉ አቅሙን ትይዛለች፣ ብዙዎቹም የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀትና ቮልቴጅ ሳይቀር ያስቀምጣሉ። ዊንዶውስ ከስሪት 8 ጀምሮ በአንድ ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ፣ ማለትም ባትሪው ሲወለድ የነበረው፤ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ፣ ማለትም ዛሬ የቀረው። አንዱ 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሌላው 29,000 ካለ የተረፈው 58 በመቶ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ በየሳምንቱ እንዴት እንደወረደ ይታያል። ማሽኑን ሰባራ አድርጎ አምጥቶ «እንዲሁ ነው የሆነው» የሚል ገዢ ካለ ሻጩ ይህን ይግለጥበት፤ እኔ አልቃወምም። ግን መረጃው በሁለቱም በኩል ይሥራ። ፀሐይ ሳያገኘው፣ ሁለት መቶ ዑደት ሳይሞላ ግማሹን ያጣ ባትሪ «አላቂ ነው» ተብሎ ሊሸኝ አይገባም።

መዝገብ ሊያሳየው የማያስፈልግ ነገርም አለ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው እንደ ተንሸዋረረ ወንበር የሚወዛወዝ፣ ታችፓዱ አልጫን ብሎ ወደ ላይ ያበጠ፣ የሥር ክዳኑ ከጎኑ የተላቀቀ፤ ውስጡ ያለው ባትሪ በጋዝ ተነፍቶ ነው። ጠጋኙ ከፍቶ አይቶ «አርጅቶ ነው» ብሎ ይደመድማል። እስኪያብጥ ድረስ የደረሰን ነገር ማርጀት ብሎ መጥራት ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 በሶኒ ሴሎች ምክንያት ዴል ብቻውን 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎችን ሲሰበስብ ጉድለት መኖሩ ወዲያው ተቀባይነት አገኘ፤ ባትሪዎቹ እሳት ያነሱ ስለነበር። ማቃጠል ጉድለት ነው፤ በጸጥታ መሞት ግን ተፈጥሮ ነው ማለት ነው?

እስቲ ለአንድ አፍታ ተሸናፊ ልሁንና ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው እንበል። የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አላቂ ዕቃን በደንብ ያውቃል፦ ወረቀት፣ ቀለም፣ ሳሙና፤ ሞዴል 22 ላይ ፈርመህ ትወስዳለህ፣ ሲያልቅ ሌላ ትወስዳለህ። አላቂ ዕቃ አላቂ የሚባለው ሲያልቅ በቀላሉ ስለሚተካ ነው። የላፕቶፕ ባትሪም ድሮ እንደዚያ ነበር። ከሥሩ ያለችውን መቆለፊያ ገፋ አድርጎ ማውጣት፣ ሌላ ማስገባት፤ ብሎን መፍቻ እንኳ አይጠይቅም። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ እ.ኤ.አ. የ2018 ሞዴል፣ ከውስጡ አንድ ትንሽ ባትሪ ስላለው የውጪውን ማሽኑ ሳይጠፋ መቀየር ይቻል ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ቲ490 ይህንን አስቀረ። አፕል ገና በ2009 ነው የማክቡክ ፕሮውን ባትሪ የዘጋው፤ በ2012 ባወጣው ባለሬቲና ማክቡክ ፕሮ ደግሞ ባትሪውን በሙጫ ለጠፈው፣ ዕቃ እየፈታ የሚመረምረው አይፊክስኢት ለጥገና ምቹነቱ ከ10 አንድ ሰጠው። ሙጫውን አሙቆ፣ በፕላስቲክ ካርድ እየፈለቀቀ ሴሉን እንዳይበሳው እየፈራ የሚሠራ ጠጋኝ ያየ ሰው ያ ነገር አላቂ ዕቃ ነው ሲባል መሳቁ አይቀርም። ጎማው ከመኪናው ጋር ተበይዶ ከተሸጠ በኋላ «ጎማ እኮ ያልቃል» ቢባል የሚቀበል አለ?

እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች፣ እነ ኤችፒ ኢሊትቡክና ዴል ላቲቲዩድ፣ የሥር ክዳናቸው በብሎን ተፈትቶ ባትሪው ይወጣል። ደህና ነው። ግን የሚተካው ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ ሊቲየም አየን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ እንዳይጫን በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል። ለደኅንነት የወጣ ነው፤ ትክክልም ነው። ውጤቱ ግን ኦርጅናል ባትሪ ፈላጊ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በእጅ ሻንጣው ይዞለት እንዲመጣ መለመኑ ነው፤ እሱም ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የቀረው አማራጭ ገበያው ውስጥ ያለው ኮፒ ባትሪ ነው። እሱን ሲገጥሙት ደግሞ አንዳንዱ ማሽን እምቢ ይላል፤ ከ2012 ጀምሮ የወጡ በርካታ ቲንክፓዶች ኦርጅናል ያልሆነ ባትሪ ሲያገኙ ይህ ባትሪ አይደገፍም፣ ቻርጅም አይደረግም የሚል መልእክት ያወጣሉ። ያልቃል ይሉሃል፣ አይተኩልህም፣ አንተ ስትተካው ደግሞ ማሽኑ አይቀበልህም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ ሴራ መፈለግ አያሻም፤ የሒሳብ ሰነድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አፕል ያረጀ ባትሪ ያላቸውን አይፎኖች ሆን ብሎ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ ካመነና ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ለአንድ ዓመት ወደ 29 ዶላር አወረደ። በጥር 2019 መጀመሪያ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች በጻፉት ደብዳቤ ገቢው ከተጠበቀው በታች የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ፣ ደንበኞች በቅናሹ ተጠቅመው ባትሪ መቀየራቸውን አንዱ አድርገው አስቀመጡት። ስልክ ነው፣ ላፕቶፕ አይደለም፤ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው አዲስ ባትሪ ሲያገኝ አዲስ ማሽን አይገዛም። የባትሪ ዋስትና የሚያስወጣው የባትሪውን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይሰጥ ነበር።

«ዋስትናው ከተጨመረ ዋጋው ይወደዳል» የሚለው ሥጋት ላይ ብዙ አልቆምም። ዛሬም እየከፈልን ነው፤ ልዩነቱ መክፈላችንን ሳናውቅ፣ በሁለተኛው ዓመት ማሽኑን ስንጥል መክፈላችን ነው። ዋጋው ካርቶኑ ላይ ቢጻፍ ቢያንስ አወዳድረን እንገዛለን።

አውሮፓ በዚህ በኩል ቀድሟል። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ደንብ፣ ቁጥር 2023/1542፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ባትሪዎች፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊተካቸው የሚችል እንዲሆኑ ያዛል፤ ሞዴሉ ገበያ ላይ መዋሉ ካቆመ በኋላም ለ5 ዓመት መለዋወጫው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ ይጠይቃል። ለስማርትፎንና ለታብሌት ደግሞ ከሰኔ 2025 ጀምሮ ባትሪው ከ800 ዑደት በኋላ 80 በመቶ እንዲቀረው የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ባትሪ ሊለካ፣ ሊታዘዝ፣ ተጠያቂ ሊሆን እንደማይችል ሲነገረን የኖረው ሁሉ እዚያ በአንቀጽ ተጽፎ ተቀምጧል።

እኛ ጋ ሕግ የለም ማለትም አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ የሸጠው ዕቃ ለመደበኛ አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጥራት እንዲኖረው ዋስ ያደርገዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያገኘ ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በ15 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከነዚህ ፊት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ብዙ አቅም ሊኖረው አይገባም። የሕጉ ድክመት ባትሪ ላይ ነው፤ አሥራ አምስት ቀን የተቃጠለ ስክሪን ለማየት ይበቃል፣ ቀስ ብሎ የሚሞት ነገርን ለማየት ግን አይበቃም። ለዚህ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጠው ነጋዴ «እኔ ያልሠራሁትን ባትሪ እንዴት ዋስ ልሁን?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዕድሜው ዋስ አይሁን፤ ለሚናገረው ግን ይሁን። «ሦስት ሰዓት ይይዛል» ከሚል ሪፖርቱን አትሞ ከደረሰኙ ጋር ያያይዝ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በቡክማን ሠንጠረዥ መሠረት ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በ40 ዲግሪ ሙቀት አንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ የሚቀረው 65 በመቶ አቅም ነው፤ በ25 ዲግሪ እንኳ 80 ነው። ከዱባይ መጋዘን ተነሥቶ በጅቡቲ ወደብ ከርሞ የመጣ ዕቃ «ስላይትሊ ዩዝድ» ስለተባለ ባትሪው አልተነካም ማለት አይደለም፤ ገዢ ይህን በወረቀት የማየት መብት አለው።

ትልቁ ጉልበት ያለው ግን በችርቻሮ ገዢው እጅ ሳይሆን በጅምላ በሚገዙት ዘንድ ነው። ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የእርዳታ ድርጅቶች ላፕቶፕ በመቶዎችና በሺዎች ይገዛሉ። የጨረታ ሰነዳቸው ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ስለ ራሙ ዓይነት፣ ስለ ስክሪኑ ጥራት ገጽ ሙሉ ይጽፋል፤ ባትሪ ላይ ሲደርስ «3 ሴል» ብሎ ያልፋል። እዚያች ቦታ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር፦ ከርክክቡ ጀምሮ በ36 ወር ውስጥ፣ ዑደቱ 1,000 ሳይሞላ፣ የባትሪው ሙሉ አቅም በማሽኑ በራሱ ሪፖርት ከዲዛይኑ 80 በመቶ በታች ከወረደ አሸናፊው ድርጅት በኦርጅናል ባትሪ ይተካል። «እንዲህ ብትጽፉ ተጫራች አይመጣም» የሚል የግዥ ኮሚቴ አባል አይጠፋም። ይመጣል። ዴልና ሌኖቮ ተጨማሪ ለከፈላቸው ደንበኛ የሦስት ዓመት የባትሪ ዋስትና በዋጋ ዝርዝራቸው አስገብተው እየሸጡ ነው፤ ኤችፒም ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ ብሎ ለይቶ ያቀርባል። ተጫራቹ አይቻልም ካለ ኮሚቴው ያንን የዋጋ ዝርዝር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥለት።